የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ግን ማን ይመዝግበው?

በካምፓላ፣ በናይሮቢ፣ በካኩማ፣ በካይሮ ያላችሁ፤ ከሱዳን ጦርነት ሸሽታችሁ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰደዳችሁ፤ ባሕር ተሻግራችሁም ለእኛ የምትጨነቁ ዘመዶቻችን፤ ሰላማችሁ ይብዛ። የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ በእጃችሁ የምትሠሩት ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

ሰሞኑን እዚሁ ገጽ ላይ፣ ትምህርት የመቀጠል ዕድል ያገኙ ልጆቻችን ሕግ ቢያጠኑ ጥሩ ነው ብዬ ነበር። አንድ ወንድማችን ከሥር መለሰልኝ። ሕግ ምን አደረገልን አለ። ያሰሩንም የፈረዱብንም ሕግ የተማሩ ናቸው፤ ልጆቻችን ነርስነትና ኮምፒውተር ይማሩ፣ ቶሎ እንጀራ የሚሆነው እሱ ነው አለ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት። አልተቀየምኩም፤ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን ዛሬ ልሞግተው ነው።

የምለው ይህን ነው። አምባገነን ከወደቀ በኋላ የሞቱብን ሰዎች ትዝታ በልቅሶ ብቻ አይድንም። የሚድነው ዳኛ ፊት ሊቆም በሚችል መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምረው፣ መንግሥትና ድርጅት ሲለዋወጥም በቦታው ሊቆይ የሚችለው ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ያሉትን የሕግ ትምህርት ቤቶች "የእኛን ቃል ተቀበሉ፣ ጠብቁ፣ አስተምሩበት" ብለን መጠየቅ አለብን። እኛም ቃላችንን ዕድሜ ሳይቀድመን በሥርዓት መስጠት አለብን።

ለምን የሕግ ትምህርት ቤት?

እስቲ ትዝታችን ዛሬ የት የት እንዳለ እንይ። ድርጅቶች መጥተው ቃላችንን ይቀበላሉ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮው ይዘጋል፣ ፋይሉ የት እንደገባ የሚነግረን የለም። ፓርቲዎች የራሳቸውን ሟች ብቻ ይቆጥራሉ። ሚዲያው የዛሬውን ይዘግባል፤ ነገ ሌላ ዜና አለው። ፌስቡክ ላይ የለጠፍነው ደግሞ አካውንታችን ሪፖርት ከተደረገ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። በየስልካችን ያለው ቪዲዮ ስልኩ የተሰረቀ ቀን ያበቃለታል።

የቀረው ሁሉ በእናቶቻችንና በአባቶቻችን ጭንቅላት ውስጥ ነው። እነሱም እያረፉ ነው። እዚህ ካባላጋላ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ በተቀመጥን ቁጥር አንድ ምስክር አብሮ ይቀበራል። ማን ከቤት እንደወሰደው፣ የት እስር ቤት እንዳደረ፣ ማን አዝዞ ማን እንደገደለው የምታውቀው እናት ስትሞት ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው።

አባቶቻችን ሕግን የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። "በሕግ አምላክ!" ሲባል የተቆጣ ሰው ዱላውን ያወርድ ነበር። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ይሉም ነበር። ዛሬም የሚያንገበግበን ይኸው ነው፤ ልጆቻችን፣ ወንድሞቻችን ያለ ፍርድ ሄዱ። ፍርድ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ዳኛ የሚጠይቀውም ሦስት ነገር ነው። በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? የትና መቼ? ይህ ወረቀት ወይም ይህ ቪዲዮ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ? ለእነዚህ መልስ የሌለው እውነት፣ እውነት መሆኑ ባይቀርም፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ወሬ ይባላል።

ከቀይ ሽብር ክስ የምንማረው

ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ፤ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የታሰሩት፣ የተገረፉትና የተገደሉት አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ይህን ለእናንተ መተረክ አይገባኝም፤ ከመካከላችን ያ ታሪክ ያልደረሰበት ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። አዋጁ ሁለት ሥራ ነበር የሰጠው፦ ወንጀለኞቹን መክሰስ፣ የተፈጸመውንም ለመጪው ትውልድ መዝግቦ ማቆየት። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ክሱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀመረ። በአጠቃላይ 5,198 ሰዎች ተከሰሱ፤ ከእነዚህ 2,246ቱ በእስር ላይ የነበሩ ናቸው። የኮሎኔል መንግሥቱና የዋና ዋናዎቹ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። 12 ዓመት ፈጀ። ቅጣቱ መጀመሪያ ዕድሜ ልክ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ከፍ አደረገው፤ በ2003 ዓ.ም. በይቅርታ ወደ ዕድሜ ልክ ተመለሰ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። ዋናው ሰውዬ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ሐራሬ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፍርድ ቤቱ "ዘር ማጥፋት" ብሎ ሊፈርድ የቻለው እንዴት ነው? የኢሕአፓ ወጣቶች ከአንድ ብሔር ወይም ከአንድ ሃይማኖት አልነበሩም። የተባበሩት መንግሥታት የ1948 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጠቅስም። የኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ጨምሮ ይጠብቅ ነበር። ወንጀሉ ከመፈጸሙ 20 ዓመት አስቀድሞ የተጻፈ አንድ ቃል ለሺዎች ፍርድ በር ከፈተ። ከዳኞቹ አንዱ በዚህ ነጥብ ላይ በሐሳብ ተለይቷል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ በሕግ ሰዎች መካከል አለ። ወንድሜ፣ "ሕግ ምን አደረገልን" ላልከው አንዱ መልስ ይህ ነው። ያ ቃል እንዳለ የሚያውቅ፣ ተከራክሮ የሚያቆመው ሰው ባይኖር ኖሮ ሞቶ ይቀር ነበር።

ሌላም አለ። የጅምላ መቃብሮቹ ሲከፈቱ ለልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሊያግዙ የመጡት አርጀንቲናውያን ነበሩ። ቡድናቸው በ1984 (እ.ኤ.አ.) በአገራቸው የወታደር መንግሥት ያጠፋቸውን ሰዎች አጥንት ለመለየት ሲመሠረት አባላቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪ ሆነው የጀመሩት ሥራ እኛ አገር ድረስ ደረሰ። "ተማሪ ምን ያመጣል" የሚል ካለ ይህን ያስብ።

የጎደለውንም ልናገር። ለትውልድ ይቀመጥ የተባለው መዝገብ በብዙው በፍርድ ቤትና በቢሮ ሳጥን ውስጥ ነው የቀረው። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፤ ደግ ሥራ ነው። ሙዚየም ግን የምስክር ቃል በሥርዓት ወጥቶ የሚነበብበት፣ የሚመረመርበት ቦታ አይደለም። ከርቸሌ፣ ያ "ዓለም በቃኝ" የምንለው እስር ቤት ፈርሶ ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። ግድግዳው ከሄደ ማስታወስ የሚችለው ወረቀትና ሰው ነው። ወረቀቱን ማን እያስተማረበት ነው? በዚያ ክስ ላይ የተነሡት ክርክሮች፣ የምስክሮች ቃል፣ የተሰረዙት ማስረጃዎችና የተሰረዙበት ምክንያት እያንዳንዱ የሕግ ተማሪ ሊያነበው የሚገባ ትምህርት ነበር።

ትምህርት ቤቱም በነጻነት አልኖረም፤ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ይህንንም ልበል። በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ፣ የደርግ ወንጀል ሊመረመር ልዩ ዐቃቤ ሕግ በተቋቋመ በዓመቱ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። በአንድ እጅ የትናንቱን ግፍ እየመረመሩ በሌላው እጅ መምህር ማባረር! መምህር አፉ ከታሰረ ያለፈውንም በትክክል ሊያስተምር አይችልም።

ስደተኛው ምስክር

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። "እኛ ስደተኛ ነን፣ ምን አቅም አለን" የምትሉኝ ሦስቱን ታሪኮች ስሙኝ።

አንደኛው፦ አትላንታ ውስጥ በሆቴል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ስደተኛ እዚያው ሆቴል የሚሠራ አንድ ሰው አየች። አወቀችው። ቀልቤሳ ነገዎ ነበር፤ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ሆኖ ያስገረፋት ሰው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች በ1990 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤት ከሰሱት። ጠበቆች ቆሙላቸው። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ ፈረደላቸው፤ ይግባኙም በ1996 ጸና። ሰውዬው ዜግነቱን ተነጥቆ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። የሦስት ስደተኛ ሴቶች ክስ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚጠና ጉዳይ ሆኗል። እኛ ዘንድስ ስንት የሕግ ተማሪ ያውቀዋል?

ሁለተኛው፦ ከፍለኝ ዓለሙ የሚባል የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ በሌላ ሰው ስም፣ ከኬንያ፣ ልክ እንደኛ በስደተኝነት ተመዝግቦ አሜሪካ ገባ። ዴንቨር ላይ አንድ የቀድሞ እስረኛ አየውና አወቀው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) 22 ዓመት ተፈረደበት፤ ክሱ የዜግነት ማጭበርበር ቢሆንም የቀድሞ እስረኞች ቀርበው ያዩትን ተናገሩ።

ሦስተኛው፦ እሸቱ ዓለሙ ጎጃም ላይ የደርግ ሹም ነበር፤ በኋላ ኔዘርላንድስ ገብቶ ዜጋ ሆነ። በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) የሄግ ፍርድ ቤት በ1978 (እ.ኤ.አ.) ደብረ ማርቆስ ላይ በተገደሉ 75 እስረኞችና በሌሎችም ወንጀሎች ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በ2022 ይግባኙም ጸናበት። ፊርማው ያለባቸው ሰነዶችና በየአገሩ ተበትነው የሚኖሩ ሰዎች ቃል ነው ያስፈረደበት። ወንጀሉና ፍርዱ መካከል 39 ዓመት አለ።

ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? አንድ ስደተኛ አልረሳም። ግን አለመርሳቱ ብቻውን አልፈረደም። ቃሉን ተቀብሎ ቀንና ቦታ አስይዞ፣ ከሰነድ ጋር አመሳክሮ ዳኛ ፊት ያቆመ የሕግ ሰው ነበረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ ልክ ነው። ነገር ግን የተወጋው ይሞታል። ያልተጻፈ ትዝታም አብሮት ይሞታል።

እዚሁ ደጃችን ያለው ማኬሬሬ

በውጭ አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እዚህ ኡጋንዳ፣ መስከረም 21 ቀን 1972 (እ.ኤ.አ.) የኢዲ አሚን ሰዎች ከፍተኛው ፍርድ ቤት ገብተው የአገሪቱን ዋና ዳኛ ቤኔዲክቶ ኪዋኑካን ወሰዷቸው። አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውም ለቤተሰብ አልተሰጠም። ዋና ዳኛን ከችሎት የሚያስወስድ አገር ለተራው ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ዛሬ የኡጋንዳ ፍርድ ቤቶች በየዓመቱ በስማቸው የመታሰቢያ ንግግር ያዘጋጃሉ።

በዚሁ አገር በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሪፊውጂ ሎው ፕሮጀክት ተቋቋመ። ብዙዎቻችሁ ኦልድ ካምፓላ ያለውን ቢሮ ታውቁታላችሁ፤ ወረፋ ይዛችሁበታል። የተወለደው ባርባራ ሃረል ቦንድ የሚባሉ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር በኡጋንዳና በኬንያ ስለ ስደተኞች መብት ካደረጉት ጥናት ነው። በካይሮ የነበራችሁ ሰዎች ስማቸውን ሰምታችሁ ይሆናል፤ እዚያም ለስደተኞች ነጻ የሕግ ድጋፍ እንዲጀመር የደከሙ ሴት ናቸው። በ2018 ዐረፉ።

ሪፊውጂ ሎው ፕሮጀክት ለስደተኛው የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በሰሜን ኡጋንዳ ኪትጉም ከተማ ደግሞ የጦርነቱን ዘመን ትዝታ የሚሰበስብ የሰነድ ማእከል አለው። በዚያ አካባቢ ልጆቻቸው በአማፂው በሎርድስ ሬዚስታንስ አርሚ ተጠልፈው የተወሰዱባቸው፣ በመንግሥት ካምፕ ታጉረው የኖሩ ሰዎች ቃል እዚያ ይቀመጣል። ስደተኛን በሕግ መርዳትና ትዝታን መጠበቅ በአንድ ቤት ሥር ሆነ ማለት ነው። ይህ በአጋጣሚ የተገናኘ ነገር አይደለም። ኢንተርቪው ላይ ታሪክህን እንዲያምኑህ የሚያደርገው ዕውቀትና ነገ ገዳዩን የሚያስፈርደው ዕውቀት አንድ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ስንቶቻችን ተጎዳን? አንዲት እህታችን ኢንተርቪው ላይ "በ1998 ታሰርኩ" አለች፤ አስተርጓሚው እንዳለ 1998 ብሎ ጻፈው። በፈረንጅ አቆጣጠር ያኔ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። "ታሪኳ ይጋጫል" ተብላ ሪጄክት ሆነች። "ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ" ያልነው ከምሽቱ 8 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። የአጎታችንን ልጅ "ወንድሜ" ስንል የቤተሰብ ቁጥር አልገጠመም ይባላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ የእኛ አቆጣጠርና የእኛ ዝምድና ነው። አንድ ሴሚስተር በዚህ ላይ የሠለጠነ የሕግ ተማሪ በአምስት ደቂቃ ያስተካክለው ነበር።

"ግን እኮ..." ለምትሉኝ

ሕግ የተማሩት ናቸው ያሰሩን ለምትሉ፦ አዎ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ሲያውጅ አርቃቂ አላጣም፤ ፈራጅም አላጣም። ከዚያ በኋላም እስከ ዛሬ አላጣንም። ለዚህ ነው ትምህርት ቤቱ ይህን ታሪክ ማስተማር ያለበት። የትናንቱን አዋጅ መርምሮ የማያውቅ ተማሪ የነገውን ጨካኝ አዋጅ ያረቃል፤ ያውም "ትእዛዝ ነው" ብሎ።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን ይጎዳሉ ለምትሉ፦ ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ግን ላይቭ ገብቶ የምስክር ስም መጥራት ነው ሰው የሚያስጎዳው። በሥርዓት የተሰጠ ቃል ስም በኮድ ይቀመጣል፤ መቼ፣ ለማን ይከፈት እንደሆነ ባለቤቱ ይወስናል። የሕግ ሰው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የፌስቡክ ጓደኛችን የለበትም።

እኛን ማን ይሰማናል፣ ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው ለምትሉ፦ የእሸቱ ዓለሙን 39 ዓመት አስታውሱ። በዚያ ሁሉ ዓመት ቃላቸውን ያልጣሉ ሰዎች ናቸው ያስፈረዱት።

አንድ የሚያሳፍረን ነገርም አለ፣ ልንገራችሁ። እያንዳንዳችን የራሳችንን ሟች ብቻ ነው የምንቆጥረው። ኦሮሞው የኦሮሞውን፣ አማራው የአማራውን፣ ትግሬው የትግሬውን፣ ኤርትራዊውም የራሱን። ከዚያ ኮመንት ላይ "የእናንተ ውሸት ነው" እየተባባልን እናድራለን። ገዳይ ይህን ሲያይ ይስቃል። የሕግ ትምህርት ቤት መዝገብ ግን ሟቹ የማን ወገን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ማን ገደለው፣ በምን ማስረጃ ነው የሚለው። የሁላችንም ፋይል በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጥ፣ የእኔን ሟች ለማመን የአንተን መካድ አያስፈልገኝም።

እኛ ምን እናድርግ?

እነዚህን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። አዲስ ነገር አይደሉም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌ የሕግ ትምህርት ቤት የሰብአዊ መብት ማእከልና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የበርክሌ ፕሮቶኮል የሚባል መመሪያ አውጥተዋል፤ ከኢንተርኔት የሚሰበሰብ ቪዲዮና ፎቶ ለፍርድ ቤት እንዲሆን እንዴት እንደሚያዝ የሚያስረዳ ነው። ይህንንም ያወጣው የሕግ ትምህርት ቤት መሆኑን ልብ በሉ። የሚከተለው ከዚያም ከሌላም ልምድ ለእኛ እንዲመች አድርጌ ያጠርኩት ነው።

1. ቃላችሁን በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ፣ ወይም አስጽፉ። ትርጉም በኋላ ይደርሳል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች በድምፅ ይቅዱ፤ ልጆች አግዟቸው፣ ግን በእነሱ ቃል ላይ የራሳችሁን አትጨምሩ።

2. ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። "አየሁ" የምትሉትን ለብቻ፣ "እገሌ ነገረኝ" የምትሉትን ለብቻ። የሰማችሁት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ግን ቦታው ሌላ ነው።

3. ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፉና "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ብላችሁ ጨምሩ። ሰዓቱንም እንደዚሁ። ቀኑን በትክክል ካላስታወሳችሁ አትፍጠሩ፤ "ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት" ወይም "በረመዳን መጨረሻ" ማለት ከፈጠራ ቀን ይሻላል።

4. ዝምድናን በትክክል ግለጹ፦ የእናቴ ልጅ፣ የአጎቴ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ። ስም ከነአባትና ከነአያት ይጻፍ።

5. የመጀመሪያውን ፋይል አታጥፉ። በስልካችሁ የቀረጻችሁት ቪዲዮ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተቀረጸበት ጊዜና ቦታ መረጃም ሊጠፋ ይችላል። ኦሪጅናሉን በፍላሽ ወይም በሌላ ስልክ አስቀምጡ። ሙዚቃና ጽሑፍ አትጨምሩበት፣ አትቁረጡት።

6. ሰነድ ካላችሁ (የእስር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሆስፒታል ካርድ) ከማን፣ መቼ እንዳገኛችሁት በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። በራሱ በሰነዱ ላይ ምንም አትጻፉ።

7. ስም ዝርዝር ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። የሕግ ሰው ፈልጉ፤ በሕግ ትምህርት ቤት ሥር ያለ ነጻ የሕግ ድጋፍ ካለ እዚያ ጀምሩ።

ከሕግ ትምህርት ቤቶች የምንጠይቀው

በኢትዮጵያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከል አላቸው፤ ለድሃ ሴቶች የቀለብና የመሬት ጉዳይ ክስ ይጽፋሉ። ክብር ይስጥልን። የምንጠይቀው አንድ እርምጃ ወደፊት ነው። አዲስ አበባም፣ ማኬሬሬም፣ ናይሮቢም፣ ሐርጌሳም ያላችሁ የሕግ መምህራን፣ ምስክር መቀበልና ሰነድ መጠበቅ ተማሪ የሚመዘንበት ትምህርት ይሁን። የቀይ ሽብር ውሳኔዎች በክፍል ውስጥ ይነበቡ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ዐረብኛ የሚያውቁ የስደተኛ ልጆች በአስተርጓሚነት ይሠልጥኑ፤ ከእነሱም የሚችሉት ሕግ እንዲማሩ በር ይከፈትላቸው። ከሁሉም በላይ መዝገቡ ግልባጩ በሁለት አገር ይቀመጥ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ጥናት ማእከል ከነቤተ መጻሕፍቱ ሲቃጠል አይተናል። የአንድ አገር ትዝታ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ብቻ ከሆነ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

ጊዜው ለምን አሁን ነው? የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በወረቀቱ ላይ እውነት አፈላላጊ ኮሚሽን፣ ልዩ ፍርድ ቤትና ልዩ ዐቃቤ ሕግ አለ። አንዳንዶቻችሁ አታምኑትም፤ የማታምኑበትን ምክንያት አውቃለሁ፣ አልከራከራችሁም። ግን ያ ሂደት እውነተኛ ቢሆንም ባይሆንም እኛ የተዘጋጀ መዝገብ ያስፈልገናል። እውነተኛ ከሆነ ባዶ እጃችንን አንቅረብ። የይስሙላ ከሆነ ደግሞ ውሸቱን የሚያጋልጠው ይኸው መዝገብ ነው። በሁለቱም መንገድ "እናንተ ስደተኞች የት ነበራችሁ?" ሲባል መልስ ይኖረናል።

ያ ኮመንት የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ልጅህ ነርስ ትሁን፤ ነርስም ያስፈልገናል። ግን ከአሥር ልጆቻችን አንዷ እንኳ ሕግ ትማር። አንድ ቀን የአያቷን ቃል ይዛ ዳኛ ፊት የምትቆመው እሷ ናትና።

እስከዚያ ድረስ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ካሉ፣ ስልክም ቢሆን ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ያን ጊዜ በዓይንሽ ያየሽው ምን ነበር እማዬ?" ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ፈቃደኛ ከሆኑም ቅዱ። ስለ ምስክርነት አያያዝ ጥያቄ ያላችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ ስምና ዝርዝር ግን ኮመንት ላይ አትጻፉ፣ አደራ። ለሚጠቅመው ወገን ሼር አድርጉ።

የሞቱብንን ነፍስ ይማር። ለአገራችንም ለእኛም ቸር ያሰማን።